ተቀምጦ ወገብ ስለማፍታታት

የስፌት ፋብሪካው የሠራተኞች ጤና ኮሚቴ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ የምርት ኃላፊው (ሰብሳቢ)፣ የንብረት ኃላፊው፣ አንጋፋዋ ሰፊ እትዬ ዚግዛግ፣ ጸሐፊዋ።
የቀሩ፦ የጤና ባለሙያዋ፤ ወገባቸውን ስላመማቸው። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ ሰፊዎች በሥራ መሃል እንደተቀመጡ የዮጋ ማፍታቻ እንዲሠሩ ስለመፍቀድ

እትዬ ዚግዛግ ነገሩ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ መዞር፣ ከዚያም ወደ ፊት ማጎንበስ ብቻ መሆኑን አስረዱ። "ወገቤ እንጨት ሆኗል። የልጅ ልጄ እቀፊኝ ሲለኝ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ፀጉሩን ዳስሼ አልፋለሁ" አሉ። ኮሚቴው ማዘኑን ገልጾ ወደ ቁም ነገሩ ገባ።

የንብረት ኃላፊው ወንበር የተሰጠው ለመቀመጫ እንጂ ለመጠማዘዣ አለመሆኑን አሳሰቡ። ሰብሳቢው ወደ ግራ የዞረች የግራ ጎረቤቷን፣ ወደ ቀኝ የዞረች የቀኟን ወሬ ይዛ ትመለሳለች ብለው ሰጉ። ማጎንበሱን ግን ወደ ቢሯቸው በር ከሆነ እንደሚደግፉ ገለጹ። ጸሐፊዋ መሳቋ እንዳይመዘገብ ታዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ዓይን ተጨፍኖ፣ ወንበር ሳይነቃነቅ፣ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ በር እየተጎነበሰ እንዲሠራ ተወሰነ። እትዬ ዚግዛግ ከምንም ይሻላል ብለው ተቀበሉ።

አጀንዳ 2፦ ለኮሚቴው ወንበሮች ትራስ ስለመግዛት

ግዢው ወዲያው ተወሰነ። በቀለሙ ላይ ግን ሁለቱ ኃላፊዎች ሳይስማሙ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተከራከሩ። ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም። በመጨረሻ ቡናማ ተባለ።

አጀንዳ 3፦ ውሳኔዎቹን ማጽደቅ

በኮሚቴው ደንብ የሚደግፍ ይነሳል፤ የተቀመጠ እንደተቃወመ ይቆጠራል። ድምፅ ሲጠየቅ የንብረት ኃላፊው ጠረጴዛውን ይዘው ሞከሩና "ኧረ ወገቤን!" ብለው ተመለሱ። ሰብሳቢው እስከ ግማሽ ደርሰው ነበር፤ ግማሽ ድምፅ ግን በደንቡ የለም። እትዬ ዚግዛግም ሆኑ ጸሐፊዋ መነሳት አልቻሉም። ስለዚህ ትራሱም ማፍታቻውም በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆነ፤ እትዬ ዚግዛግም የራሳቸውን ሐሳብ እንደተቃወሙ ተመዘገበ።

በዚህ ጊዜ እትዬ ዚግዛግ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ዓይናቸውንም ሳይጨፍኑ፣ ቀስ ብለው ወደ ግራ ዞሩ፤ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ጀርባቸውን ወደ ሰብሳቢው ቢሮ በር አዙረው አጎነበሱ። ትንሽ ቆይተው ተነሱ። ሰብሳቢው ድምፅ መስጫው ማለፉን ካስታወሷቸው በኋላ፣ በብብታቸው ገብተው እንዲያነሷቸው ለመኗቸው።

"በደንቡ ተቃውሜያለሁ እኮ፣ ጌታዬ። የልጅ ልጄ ይጠብቀኛል" ብለው ወጡ።

ስብሰባው ሲመሽ ተዘጋ። ይህ ቃለ ጉባኤ የተጻፈው ግን እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ ሦስታችንም አልተነሳንም።