መሪጌታ ኢያቄም በቀይ ብርሃንና በበርበሬ ቅባት የዘመቱት ዘመቻ

በዘመነ ማርቆስ፣ አልማዝ ባለጭራ የተባለው ደዌ በመሪጌታ ኢያቄም ግራ ጎን ላይ በነገሠ በስድስተኛው ወር፣ በወርኃ ኅዳር የሆነውን እንጽፋለን። ኢያቄምስ ማን ናቸው ቢሉ፣ የላስታ ከበሮ መምህር፣ ማሕሌት ሲቆሙ እንቅልፍን ከደብሩ የሚያባርሩ ናቸው። ቁስሉ በሐምሌ ደርቆ ቢጠፋም በነርቩ ውስጥ የቀረው እሳት አልበረደም፤ ሸሚዝ ሲነካቸው እንደ ሳማ ይለበልባቸው ነበርና ከበሮ ማንገትማ የማይታሰብ ሆነ። ወኮነ ሐዘን ዐቢይ፤ በእሳቸው ቦታ ተተክቶ ከበሮውን የያዘው ፈንታው የተባለው ደብተራ ማሕሌቱን እንደ ጤፍ የሚወቃ ሰው ነበርና።

የደብሩም አለቃ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ከበሮ ባለቤት ይሻል። መሪጌታ ኢያቄም በልደት ዕለት ተሸክመው ከቆሙ የእሳቸው ነው፤ ካልቆሙ ግን ለፈንታው ይጽና።» ይህን በሰሙ ጊዜ የመሪጌታ ልብ ከጎናቸው ይልቅ ታመመ።

ወእምዝ ጸበሉን ሳይተዉ ወደ ጤና ጣቢያ ዘመቱ። በቀኛቸው ባለቤታቸው ባንችይርጋ ጃንጥላ ይዛ፣ በኋላቸው ወንድሟ ወንድምአገኝ ቆሎ ቋጥሮ፣ ከእርሱም ኋላ ከብልባላ ለገበያ የመጣች ጌታዋ የጠፋባት አህያ ተከተሉ፤ አህያይቱንም ማንም ስላልጠራት ማንም አልመለሳትም።

በዚያም የአካል ሕክምና ባለሙያዋ ሰብሌ ጥቁር መነጽር አድርጋላቸው በቀይ ብርሃን ፊት አስቀመጠቻቸው። መሪጌታም ደቂቃ መቁጠርን ንቀው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ደገሙ፤ ሳይጨርሱም መሣሪያው ጢጥ ብሎ ስለ ጠፋ ጸሎት አቋረጠ ብለው ተቀየሙት። ሰብሌም ትንሽ ቱቦ ሰጥታ አወጀች፦ «ይህ ቅባት ከበርበሬ ቅመም የተሠራ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ጎን ላይ ብቻ በስሱ ይቀባ፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ እየዋለ ያደነዝዛል። ከቀቡ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ብርሃኑም ቅባቱም ሕመሙን ቢቀንሱ እሰየው፤ ይነቅሉታል ብዬ ግን አልምልም።»

መሪጌታ ግን ቤታቸው ሲደርሱ በቱቦው ላይ ጸሎት ደገሙበት። ጸሎት ከተደገመበት ዘንድ ደግሞ ቅባት በሳሙና ታጥቦ የትም ይፈስሳልን? ስለዚህ ጎናቸውን ቀብተው፣ በጣታቸው የቀረውን በቅብዓ ቅዱስ እንደ ለመዱት በግንባራቸውና በዓይናቸው ቆብ ላይ በአክብሮት አሹት።

ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። ያን ጊዜ ደዌው በሁለት ግንባር ተዋጋቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ፤ እሳቸውም በእንስራው ሥር ተንበርክከው እንስራው እስኪጎድል ዓይናቸውን ታጠቡ። ዓይናቸው በተገለጠ ጊዜም ባንችይርጋ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት አዋጅ ነገረች፦ «ከዛሬ ጀምሮ ቱቦው በእኔ እጅ ይሁን። ቀቢዋም እኔ፣ ታጣቢዋም እኔ። መሪጌታ ዝም ብለው ጎናቸውን ይስጡኝ።» ሕዝቡም አዋጁን በአሜን አጸና፤ ቡና ሳይጠጣም ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአንድ ጣቷ ቀባቻቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀንም በቀዩ ብርሃን ፊት ተቀመጡ። በመጀመሪያው ሳምንት ተሳደቡ፤ በሁለተኛው አጉረመረሙ፤ በአራተኛው ሸሚዝ ለበሱ። ብርሃኑ ይሁን ቅባቱ፣ ጸበሉ ይሁን የሴትዮይቱ እጅ ድል የነሣው፣ መሪጌታም አላወቁም፣ ሰብሌም ይህ ነው ብላ አልደፈረችም።

በልደትም ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ግማሹ ከላይ ከቋጥኙ አፋፍ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው ለዝማሬ በቆሙ ጊዜ መሪጌታ ኢያቄም ከበሮውን ከፈንታው ተቀብለው አነገቱ። ሕመሙ አልሞተም ነበር፤ ከዙፋኑ ወርዶ ደጅ ጠኚ ሆኖ ነበር እንጂ። ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ምታቸው ግን አልተዛነፈም። አለቃውም ሌላ አዋጅ አላስፈለጋቸውም፤ ፈንታው ራሱ እጅ ነሥቶ ወደ ጽናጽሉ ተመለሰ።

ኦ ኢያቄም፣ ዕፁበ ገድል፣ መዋዔ ደዌ! ሌሎች አንበሳ ገደሉ፣ አምባ ሰበሩ ተብሎ ተጽፎላቸዋል፤ አንተ ግን ሸሚዝ ባልቻለ ጎን ከበሮ ተሸከምህ። በዚያችም ማታ ባንችይርጋ ቅባት በሌለው እጇ ጎንህን ብትዳስስ አልሸሸህም፤ ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያው ነበርና እርሷ አለቀሰች።