ሁለት ማይክ፣ አንድ ድራም እና የጎረቤት ፍራሽ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አጎቴን ገደልኩት።

አትደንግጡ። እሱ በዚያ ሰዓት ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። የሞተው እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ሰፈር ብቻ ነው።

ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ ሰው ፊት መናገር የሚከብደኝ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ፕሬዘንቴሽን በደረሰ ቁጥር ትኩሳት ይይዘኝ ነበር። እውነተኛ ትኩሳት! የሌላውን ሰው ድምፅ መቅዳት የምወደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሄድፎን አድርጌ ጥግ ላይ ስቀመጥ ማንም አያናግረኝም።

ሰብለ ሌላ ናት። የዶርም ጓደኛዬ ነበረች፤ ድራም ትመታለች። ባንዷ አዲስ ዘፈን ሠርቶ ለአንድ ፕሮዲውሰር ሊልክ ነው። የባንዱ አለቃ ደሳለኝ ግን፣ "ድራም መቅዳት ጣጣው ብዙ ነው፤ ኮምፒውተሩ ይምታው" አለ።

ክረምቱን ሙሉ የተለማመደችው ሰብለ ከዘፈኑ ልትወጣ ነው ማለት ነው።

"እሷ ትቀዳዋለች!" አለች ሰብለ፣ ልምምዳቸውን ልሰማ ጥግ ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ እየጠቆመች።

እኔ "አልችልም" ማለት አፍሬ ዝም አልኩ። ዝምታዬም እሺ ተብሎ ተቆጠረ!

ድራም በወጉ ይቀዳ ከተባለ ለእያንዳንዱ ከበሮ የራሱ ማይክ ያስፈልጋል። የእኔ አቅም ሁለት ነው። ያውም ርካሽ።

ስለዚህ አጠናሁ። ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ አጠገቡ ያለውን ብቻ ይሰማል፤ ጆሮው ስር ቢደበደብም አይከፋውም። ኮንደንሰር የሚባለው ግን ጆሮው ረጅም ነው፤ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ባጃጅም ይሰማል። አንዱን ከትልቁ ከበሮ ፊት፣ ሌላውን ከሰብለ ራስ በላይ ለመስቀል ወሰንኩ። ቴሌግራም ላይ የማላውቃቸውን ሰዎች ስንት ጥያቄ ጠየቅኋቸው! በጽሑፍ ሲሆን ደፋር ነኝ።

ቅዳሜ እማዬ ከከተማው ወዲያኛው ዳር ክርስትና ተጠርታ ሄደች። ድራሙን ሳሎን ውስጥ ገጠምነው። ሰብለ መታች።

ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ መሰለ። ቅጂውን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት።

"ማይኩን ተዪው፣ ችግሩ ቤቱ ነው" ብሎ ጻፈልኝ የግሩፑ አንድ አባል። "ግድግዳውን በፍራሽ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኚው።"

የእኛ ቤት ፍራሽ አንዱን ግድግዳ እንኳ አይሞላም። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ሄድኩ።

"እትዬ... ፍራሽ ካለዎት..."

"ፍራሽ? ምነው ልጄ፣ እንግዳ መጣባችሁ?"

"አይ።" አንገቴን ደፋሁ። "ብቻ... እማዬ እንዳትሰማ።"

እንዳትሰማ ያልኩት ሳሎኗ ውስጥ ድራም መግባቱን ስላላወቀች ነው። የእትዬ ዓይን ግን እንባ ሞላ። ፍራሹን ራሳቸው ጎትተው አወጡልኝ። "አይዞሽ" አሉኝ። "አይዞሽ የኔ ልጅ።"

ደግ ሰው ናቸው ብዬ ሄድኩ።

ሁለተኛው ቤትም "አይዞሽ"። ሦስተኛው ቤትማ ሳልጠይቅ ፍራሹ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ!

እናንተ ገብቷችኋል አይደል? የእማዬ ወንድም፣ ጋሼ አዱኛ፣ ሰሞኑን አሞት ሰፈሩ ሁሉ "እንዴት ሆነ?" እያለ ነበር። አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ፍራሽ ከሰበሰበች፣ መስኮት ከጋረደች፣ "እማዬ እንዳትሰማ" ካለች ምን ማለት ነው? መርዶ ነዋ!

እኔ ግን አልገባኝም። ዲግሪ አለኝ።

ፍራሹ ሠራ። ሰብለ እንደዚያ ስትመታ ሰምቼ አላውቅም። ትልቁ ከበሮ በሄድፎኑ በኩል ደረቴን ገፋው። ርካሽ ማይኮቼን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ዘፈኑ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ግን ሌላ ድምፅ ገባ።

"ወንድሜን!"

ያ ረጅም ጆሮ ያለው ማይክ የእናቴን ጩኸት ከእኔ ቀድሞ ሰማ።

በሩን ከፈትኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይሁኔ አግዳሚ ወንበር ያስደረድራሉ። ከውስጥ የሚሰማው ድምድምታስ? እኔ ደረቴን እየመታሁ መስሏቸው ነው! በመሃል እማዬ፣ ሰው ልከው አስጠርተዋት፣ ለክርስትናው በለበሰችው ጥልፍ ቀሚስ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

"አልሞተም" አልኩ።

ማንም አልሰማኝም።

"ጋሼ አልሞተም!"

"ምስኪን፣ ማመን አቅቷት ነው" አለች አንዷ።

ሰብለ ናት ያዳነችኝ። ሲምባል የሚባለውን የናስ ሳህን ባላት ኃይል መታችው። ግቢው ጸጥ አለ።

"እስቲ ደውሉለት!" አለች።

ጋሽ ይሁኔ ደወሉ፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት።

"ኧረግ ይሁኔ! ምንድን ነው የሰዉ ጫጫታ? ማን ሞተ?" አለ ጋሼ።

"አንተ" አሉት።

"ኧረግ! ለኔ ማንም አልነገረኝም እኮ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም። ስልኩን ተቀብላ የወንድሟን ድምፅ ስትሰማ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"'ድራም ነው' ብትዪ ምን ነበረበት? ለዚች ቃል ብለሽ ነው ለወንድሜ ያስለቀስሽኝ?"

ለማላውቃቸው ሰዎች ስለ ማይክ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሴት ደጅ ላይ ግን ሁለት ቃል አነቀኝ። ዓይን አፋርነቴ ከእኔ በቀር ማንንም አይጎዳም ብዬ አምን ነበር። ለካ እኔ ዝም ስል ባዶውን ቦታ ሌላው ሰው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል።

ቀረጻውም ተበላሸ። መጨረሻው ላይ እናቴ ታለቅስበታለች። ሰብለ የድራም መምቻ ስቲኮቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"በቃ፣ ኮምፒውተሩ ይምታው" አለች። ይህን ስትል ፊቴን አላየችም።

እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆምኩ።

"እትዬ፣ ፍራሽዎ እስከ ምሳ ሰዓት እኛ ጋ ይቆይልኝ። ድራም ልቀዳ ነው። ዘፈኑ ነገ ይላካል፤ ዛሬ ካልቀዳሁ ሰብለ ትወጣለች። እማዬም ፈቅዳለች።"

(የመጨረሻው ውሸት ነበር። ከዚያ ሄጄ አስፈቀድኳት።)

"ይኸው ነው?" አሉ እትዬ። "ትናንት ይህን ብትነግሪኝ ያን ሁሉ ንፍሮ ባልቀቀልኩ!"

በየቤቱ እየዞርኩ ይህንኑ ተናገርኩ። ሦስተኛው ቤት ስደርስ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር። ከዚያ ሰብለን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። እማዬ ራሷ በሩ ላይ ቆማ የሚመጣውን ሁሉ "ዝም በሉ፣ እየተቀዳ ነው!" ትል ጀመር።

ሰብለ እስከ መጨረሻው መታች። ማንም አላለቀሰም።

ለደሳለኝ ላክሁለት። ሌላ ጊዜ ሲደውል አላነሳም፤ ቴክስት እጽፍለታለሁ። አሁን ግን ሲደውል አነሳሁ።

"ኮምፒውተር ነው እንዴ?" አለ።

"ሰብለ ናት።"

"እንግዲያው ዘፈኑ ውስጥ ይገባል" አለ።

ሰብለ ጮኸች። እኔም ጮህኩ! በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ።

"አሁን ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም!" አልኩ ከአጥሩ ላይ ሆኜ። "ሰብለ ዘፈኑ ውስጥ ገባች!"

እስቲ እናንተ እውነቱን ንገሩኝ፤ ፍራሽ ስትዋሱ ምክንያቱን ትናገራላችሁ? ወይስ ሰው ካልቀበርኩ የማልማረው እኔ ብቻ ነኝ?