የዓለም ቋንቋ፣ ገርጂ ቅርንጫፍ

በየኮንዶሚኒየሙ ዓለምን የሚያስተካክል አንድ ሰው አይጠፋም። ምልክቱም ቀላል ነው፤ የራሱ ቤት ቧንቧ ያንጠባጥባል። አንዱ ከበረንዳው ሆኖ የአውሮፓ ቡድኖችን ያሰለጥናል፣ ሌላው የከተማውን ትራፊክ በምናቡ ይመራል። የገርጂው ሰው ግን ከሁሉም ይለያሉ። አገር ምድሩ ፎቅ በሚሠራበት፣ ሲሚንቶ በወረፋ በሚሸጥበት በዚያ ዘመን፣ ክቡር ጋሽ ላጲሶ ቋንቋ ይሠሩ ነበር። የቋንቋው መሥራች፣ ፕሬዚዳንትና ብቸኛ ተናጋሪ እሳቸው ናቸው።

ይህን ከየሺአረግ በላይ የሚያውቅ የለም። ሱቋ ከሕንጻው ሥር ነው፤ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየጠዋቱ አንድ ዳቦ ሊወስዱ ሲወርዱ፣ ሌሊቱን የተወለደው ቃል መጀመሪያ የሚሞከረው በእሷ ላይ ነው። "የሺ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ" ይላሉ። አንድ ሆኖ አያውቅም።

ጋሽ ላጲሶ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውጭ አገር ስልክ አገናኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ ከወዲህ "ሃሎ"፣ ከወዲያ "ሃሎ" ሲባባሉ፣ ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ሲጠፋባቸው ሰምተዋል። "መስመሩ እኮ ጥሩ ነበር" ይላሉ እጃቸውን ዘርግተው፤ "ያልተገናኙት ሰዎቹ ናቸው።" ስለዚህ ለሰው ልጅ ሁሉ የሚሆን፣ ቶሎ የሚለመድ፣ ማንም "የእኔ ነው" ብሎ የማይኮራበት ቋንቋ ለመሥራት ቆረጡ። እንዲሠሩ የጠየቃቸው አልነበረም፤ የሚከፍላቸውም የለም።

ተውላጠ ስም ላይ የደረሱ ጊዜ ሰፈሩ መከራውን አየ። "ሜ" እኔ ሆነ፣ "ቡ" እኛ። አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ተጠቃለው "ታ" የምትባል አንዲት ቃል ውስጥ ገቡ። እዚህ ላይ የሺአረግ አመፀች።

"ጋሼ፣ እርስዎንም የታክሲ ረዳቱንም በአንድ አፍ 'ታ' ልበል?"

"በይ እንጂ። ሰው ሁሉ እኩል አይደል?"

"እኩል ይሁን፤ እኔ ግን ትልቅ ሰው አንተ እያልኩ አላደግኩም። አክብሮት እስኪገባበት ድረስ ከእኔ አፍ አንድ ቃል አይጠብቁ!"

ቃሏን ጠበቀች። ሁሉን እየሰማች፣ ሁሉም እየገባት፣ መልሷ ግን አማርኛ ብቻ ሆነ።

የብዙ ቁጥሩ ነገር ደግሞ ባሰ። "ኦች" ብለው እንዳይጨምሩ ለአማርኛ ማድላት ሆነባቸው። ጎረቤታቸው እማማ ጫልቱ በኦሮምኛው ይሁን ቢሏቸው፣ እሱም ማድላት ነው። መገናኛ ወርደው የታክሲ ወረፋ ላይ የቆመውን ሕዝብ ጠየቁ፤ ወረፋው ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ታክሲው ባዶውን ሄደ ይባላል። በመጨረሻ "ብዙ የፈለገ ሁለቴ ይጥራው" ብለው ወሰኑ። ዳቦ የሚለውን ቃል፣ የተራበ ሰው ቃል ሲፈልግ መዋል የለበትም ብለው ከአማርኛ በምሕረት አስገቡት። እንግዲህ አንዱ "ዳቦ" ነው፤ ብዙ ከሆነ "ዳቦ ዳቦ"።

"መቶ ሳጥን ለስላሳ ያዘዘ ሰውስ መቶ ጊዜ ሊል ነው?" አለች የሺአረግ።

ጋሽ ላጲሶ በዚህ ጥያቄ ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም።

በዚያው ዓመት የሰፈሩ መንገድ ተቆፈረ። ዋንግ የሚባል ወጣት ቻይናዊ ቀያሽ ባለሦስት እግር መሣሪያውን ሱቁ ፊት ተከለ። ጋሽ ላጲሶም እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ቁፋሮ ሊመለከቱ አጠገቡ ቆሙ። ልጁ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ቋንቋ እንዲያስተምሩት ለመናቸው። እሳቸው ቋንቋ ሲባሉ የሚታያቸው አንድ ብቻ ነው። ልጁስ ቢሆን፣ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሽማግሌ ቋንቋ አስተምርሃለሁ ሲለው ሌላ ምን ይጠርጥር? በየምሳ ሰዓቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተያያዙት።

አንድ ቀን ዋንግ ደረቱን ነፍቶ ሱቅ ገባ። "ሜ ዳቦ ዳቦ!" አለ። የሺአረግ ምንም ሳታስብ አራት ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችው። ልጁ በደስታ ራሱን እየጠቆመ፣ "አማርኛ! ጎበዝ!" አላት።

የሺአረግ ክው አለች። ሲጣራ ነገሩ ከርሟል። የቀን ሠራተኞቹ ቻይንኛ የሚናገር እየመሰላቸው ራሳቸውን ሲነቀንቁለት ኖረዋል። አንድ ቀን ደግሞ ከታክሲ ለመውረድ በአዲሱ ቋንቋ እየለመነ ሰሚት ድረስ ወስደውታል።

ለጋሽ ላጲሶ ስትነግራቸው መጀመሪያ ፊታቸው በራ። "በራሱ ተናገረ? ብዙ ቁጥሩንም አልሳተም?" አሉ። ቀጥሎ ነገሩ ገባቸውና ፊታቸው ጠቆረ።

"አይንገሩት" አለች የሺአረግ። "ከስንት ዘመን አንድ ተናጋሪ ቢያገኙ! የሱቁን እኔ እተረጉምለታለሁ።"

ጋሽ ላጲሶ ዳቧቸውን ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡ። "የሺ፣ በሥራ ዘመኔ ተሳስቼ ሰውን ከማይፈልገው ቁጥር ጋር አገናኝቼ አውቃለሁ። አገናኝቼ ዝም ያልኩበት ቀን ግን የለም።"

ወጥተው ነገሩት። የሺአረግ በሱቁ በር አየች፤ የልጁ ጆሮ ቀላ፣ መሣሪያውን አንሥቶ ሄደ። በሳምንቱ ሥራው ወደ መገናኛ ተዛወረ። ኋላ እንደተሰማው አማርኛ የሚማረው ከታክሲ ረዳቶች ነው፤ መጀመሪያ ያወቀውም "ወራጅ አለ" የሚለውን ነው።

ጋሽ ላጲሶ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ይወርዳሉ፣ ዳቧቸውን ይወስዳሉ፣ "አንድ ጥያቄ ብቻ" ግን የለም። የሺአረግ ጥያቄው እንደሰለቻት ታውቅ ነበር፤ እንደምትወደው ግን አታውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ለራሱ ፎቅ ላይ ፎቅ ሲደርብ፣ ለማያውቁት ሕዝብ ቃል ሲመርጡ የኖሩ ሰው፣ ያገኙትን አንድ ተናጋሪ ለእውነት ብለው በገዛ አፋቸው ሸኙት። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈሩ ሌላ አላየችም። አንጀቷን በሉት።

አንድ ጠዋት ሲመጡ፣ ትልቅ ሰው አክብሪ ብላ ያሳደገቻት እናቷ የምትሰማት ይመስል ወደ በሩ ገልመጥ አለች። ፊቷ ጋለ።

"ታ... ዳቦ ዳቦ?" አለቻቸው።

ጋሽ ላጲሶ ባሉበት ቀሩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"የሺ" አሉ በቀስታ፤ "እኔ እኮ የምወስደው አንድ ነው። አንድ ከሆነ አይደገምም።"

ሽማግሌ ራሱን 'አንተ' አስብሎ ደግሞ ሰው ያርማል! የሺአረግ ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ጎትታ አወጣች። ሁለት ዳቦ ሳህን ላይ አስቀመጠች፣ ሻይ ቀዳች።

"ቡ!" አለች በቁጣ፣ አንዴ ወደ እሳቸው አንዴ ወደ ራሷ እየጠቆመች። "ቡ፣ ዳቦ ዳቦ!"

ጋሽ ላጲሶ ትንሽ አሰቡ። ስሕተት አጡበት። ተቀመጡ።