ግማሽ ክሊኒክ የማይወደው ተራማጅ

ተራማጅ የሚባል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ይደንቀኛል። ጓድ ታደሰ ይባላል። እሱ ሲናገር የሽሮ ሜዳ አህያ እንኳ ጭነቷን ረስታ የምትቆም ይመስለኝ ነበር።

ቀበሌያችን ክሊኒክ አልነበረውም። ሊቀመንበሩ ሁላችንንም አዳራሽ ሰብስቦ፣ ለጊዜው ከአዳራሹ አንድ ክፍል ተለቅቆ ከነገ ጀምሮ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር በሳምንት ሁለት ቀን ይምጣልን ሲል የኮሚቴው ድምፅ እኩል ተከፈለ። ድምፅ ሳይሰጥ የቀረው ጓድ ታደሰ ብቻ ነበር።

"ይህ ጥገናዊ ለውጥ ነው! ለሰፊው ሕዝብ የሚገባው ሙሉ ሆስፒታል ነው" አለ።

እኔማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሆስፒታሉ ከነአልጋው ተሠርቶ ታየኝ እኮ። አጠገቤ ያለችው የሸማኔው ሚስት ዘነበች ግን ትኩሳት ያቃጠለው ልጇን ታቅፋ "እትዬ፣ እሱ እስኪሠራ ይሄን የት ልውሰደው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ጓድ ታደሰ እንደ ልማዱ ግራ እጁን ጨብጦ አንስቶ ንግግሩን በመፈክር ዘጋ። የሰለቸው ሊቀመንበር ወዲያው "ጓድም እጃቸውን አወጡ፤ ደገፉ ማለት ነው" አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ታደሰ እጁን ሊያወርድ ሲል ልጁ አቃሰተ። ዞር ብሎ አየው። ክንዱ እዚያው አየር ላይ ቆየና ጡጫው ቀስ ብሎ ተከፈተ።

"ይቆጠር" አለ።

በማግስቱ ለድሬሰሩ በተለቀቀችው ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ ለተሰለፍነው ስለ ሙሉው ሆስፒታል ሲያስረዳን አገኘሁት። ውስጥ የዘነበች ልጅ መርፌ ተወግቶ ተኝቶ ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ያን ድምፅ ዝቅ ብሎ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።