በአሥር ደቂቃ የታረቀው ድራማ

ድርሰት የሚጽፍ ሰው ክፉ ነው። አትቆጡ፣ አስረዳለሁ። እናንተ ጎረቤታችሁ ሲጣላ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ? ሮጣችሁ ትገላግላላችሁ። ደራሲ የሚሉት ሰው ግን ሁለት ሰላማዊ ሰዎች ፈልጎ ያጣላና፣ እንዳይታረቁ አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ለዚህም ይጨበጨብለታል።

የምሬን ነው። በቤቴ አንዲት አለች። የልጅ ልጄ ሲፈን እዚሁ ነቀምቴ አስተማሪ ናት፤ ድራማም ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄንንም እኔ እየተናገርኩ እሷ ናት የምትጽፈው። ፊቷን እያየሁ ነው የማወራው፣ እስካሁን ደህና ነው።

አንድ ቀን ደብተሯ ላይ ተራራ ሣለችልኝ።

"አኮ፣ ታሪክ ማለት ይሄ ነው" አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው፤ ሌላው ሰው አዴ አስካለ ይለኛል፣ እናት አስካለ እንደማለት። የኔ ዘር ከጎጃም ነው፣ የእናቷ እዚሁ ቅርብ ካለው ከዲጋ፤ በቤታችን ሁለቱ ቋንቋ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። "እዚህ ግርጌው ላይ ሰዎቹን እናስተዋውቃለን። ከዚያ ይጋጫሉ። ግጭቱ ይወጣል፣ ይወጣል... እዚህ ጫፉ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ መውረድ ነው።"

"ሲወርዱ ምን ያገኛሉ?"

"እርቅ።"

"ታዲያ እርቁ ታች ካለ ምን አስወጣቸው?"

"አኮ፣ ካልወጡ ታሪክ የለም።"

"ታሪክ ባይኖር ጉልበታቸው ይተርፋል።"

ደብተሯን ዘጋችው።

ያኔ ልጅቷ ጭንቅ ላይ ነበረች። ከየከተማው ድራማ ቀርቦ ያሸነፈው ወደ ትልቁ ፌስቲቫል ይሄዳል ተብሏል። አምና ወድቃለች። "ዘንድሮም ካልሆነ መጻፍ ተውኩ" አለች። ሲፈን ተውኩ ካለች ደግሞ ተወች ነው። ስኳር ተውኩ ያለች ዕለት ሙሉ ኪሎዋን ለኔ አስረክባ ይሄው ስንት ዓመቷ፣ ሻይዋን መራራውን ትጠጣለች። ስድስት ወር ሙሉ ስትጽፍ፣ ስትቀድ፣ ደግሞ ስትጽፍ ከረመች። ከስታ ከስታ ቀሚሷ ብቻውን የሚሄድ መሰለ።

ድራማው የሁለት ጎረቤታሞች ነው። የአንዱ ላም የሌላው በቆሎ ውስጥ ትገባለች። ከላሟ ወደ ስድብ፣ ከስድቡ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ የልጆቻቸው ጋብቻ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ዱላ ይዘው ድንበሩ ላይ ይገናኛሉ። ዱላው አየር ላይ እንዳለ የአንዱ ሴት ልጅ መሃል ትገባለች። ይሄ ነው ጫፉ። ባለላሙን የሚጫወተው ልብስ ሰፊው ኦብሳ ነው፤ ባለበቆሎውን፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራው ጌቱ።

ለኔም ቦታ ሰጠችኝ፦ መድረኩ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ምስር የምለቅም አሮጊት። ቃል የለኝም። "ሕዝቡ መሃል ከተቀመጥሽ መጨረሻውን ትናገሪያለሽ" አለችኝ። ሐሰት አይደለም። ባለፈው ጎረቤት ቤት ፊልም ስናይ ገዳዩን በጫማው ለይቼ ገና ሰው ሳይሞት ተናግሬአለሁ። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ አልማሩኝም።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት የዲጋ ተወዳዳሪዎቹ ቀርበው አዳራሹን በእንባ አጥበውታል። ከምሳ በኋላ የኛ ተራ ሆነ። ሲፈን መድረኩን ማሳ ለማስመሰል ለምለም ሣር ጎዝጉዛበታለች። እኔ ምስሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

ልምምዱን ግቢዬ ውስጥ ሲያደርጉ ወረቀት እያነበቡ፣ እየሳቁ ነበር። አሁን ግን ኦብሳ ጥቁር ዱላውን ይዞ፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ መጣ። ጌቱን ሰደበው። ጌቱም ሰደበው። ኦብሳ ዱላውን ነቀነቀ። እኔ... ምስር እለቅማለሁ።

ቀና ስል የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ቀንአ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከሳቸው ጋር የሰፈሩን ግማሽ ጠብ ያበረድን ሰዎች ነን። ዓይናቸው "አዴ አስካለ፣ አይነሱም እንዴ?" ይለኛል። ያ ሁሉ ሕዝብ ያየኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሰው እፊቷ ሲጣላ ምስር የምትለቅም አሮጊት ምን ትባላለች? ነገ ለቅሶ ቤት ማን ቦታ ይለቅላታል?

ሣሩ እግሬ ሥር ነው። ጨብጬ ተነሳሁና መሃላቸው ገባሁ። በኛ አገር ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነ ዱላ አይነሳም። ኦብሳ አሳዳጊ የበደለው ልጅ አይደለም፤ ዱላው በራሱ ወረደ።

"አዴ፣ ገና ነው እኮ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ምኑ ነው ገና? እስክትፈነክተው?"

ወዲያው ኦቦ ቀንአ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መድረኩ ላይ ወጡ። ሽማግሌ ከወጣ ማን እምቢ ይላል? "ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ" ብለው ጠየቁ። ኦብሳ ላሜ ናት አለ። ጌቱ በቆሎዬ ነው አለ። አንድ ኩንታል በቆሎ ተፈረደ። ተሳሳሙ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ድራማው በአሥር ደቂቃ አለቀ። ጋብቻው አልፈረሰ፣ ፍርድ ቤት የሄደ የለ። ያ ሁሉ ተራራ ሜዳ ሆነ።

ዳኞቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ሲፈን ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። እኔን አላየችኝም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

"ኦቦ ቀንአ፣ እኔም ክስ አለኝ።"

"በማን ላይ?"

"በአያቴ ላይ። ስድስት ወር የለፋሁበትን በአሥር ደቂቃ ጨረሰችብኝ።"

ድምጿ ተሰበረ። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ።

"አዴ አስካለ፣ እውነት ነው?"

"ሰው ከመፈነካከት አዳንኩ።"

ኦብሳ ዱላውን አቀበላቸው። "አባቴ፣ የበቆሎ አገዳ እኮ ነው። ቀለም ቀብተነው ነው።"

ኦቦ ቀንአ አገዳውን መዘኑት፣ አሸተቱት፣ ለሁለቱ ሽማግሌዎች አሳለፉት። እነሱም አሸተቱት። ከዚያ ወደ ሲፈን ዞሩ። "ካሣሽ ምንድነው?"

"ከመጀመሪያው እንጀምር። እሷም ትቀመጥ። ቃል እንዳይወጣት፣ ከበርጩማዋም እንዳትነሳ በሣሩ ትማል።"

አስማሉኝ። አንዱ ባለመነጽር ዳኛ ወረቀቱን መልሶ ዘርግቶ ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

እንደገና ተጀመረ። አሁን ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ኦብሳ ሲሳደብ ኦብሳን የሚያየው የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ጌቱ ሲከስ እኔን። ጋብቻው ሲፈርስ እኔን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ከውስጥ ነቀዝኩ። ምስሩን መልቀም ትቼ ጥሬውን መቆርጠም ጀመርኩ። መጨረሻ ላይ አገዳው አየር ላይ ወጣ። ፊት ወንበር ላይ ያለች ሴት "ልትነሳ ነው" አለች። እውነቷን ነው፣ አንድ ጉልበቴ ተነስቶ ነበር። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ጉልበቴን መለስኩት። ልጅቷ ሮጣ መሃላቸው ገባች።

ከአንገር ጉቲን ቆላ በቆሎ ጭኖ ዳገቱን የወጣ አይሱዙ አናቱ ላይ ሲደርስ የሚተነፍሰውን ታውቁታላችሁ? አዳራሹ እንደዚያ ተነፈሰ። እኔም አብሬ።

ባለመነጽሩ ዳኛ ተነስቶ ውጤቱን ተናገረ። "ድራማው ደህና ነው። የአሮጊቷ ዝምታ ግን ሰው ይገድላል።" አለፍን። የዲጋዎቹ "እነሱ ሁለቴ ተጫወቱ" ብለው አቤት አሉ፤ አልተሰማላቸውም። ሲፈን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። በዕድሜዬ ዝም ብዬ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ይቺው ልጅ መጥታ ፈራ ተባ ትላለች።

"አኮ፣ ፌስቲቫሉ ላይ ማንም አያውቅሽም። ዝም ስትዪ ዝምተኛ ነው የምትመስያቸው።"

"እና?"

"እና... መጀመሪያ ተነስተሽ ብታስታርቂያቸው። ከዚያ እከስሻለሁ። ከዚያ ትምያለሽ።"

"ልጄ፣ እኔ በሽማግሌ ፊት ምያለሁ። ከበርጩማው የሚያስነሳኝ ሽማግሌ ላኪ።"

ላከች። ኦቦ ቀንአ ሁለቱን አስከትለው መጡ። በመጀመሪያው ላስብበት አልኳቸው። በሁለተኛው ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። ዛሬ ሦስተኛቸው ነው፤ ይሄው ደጅ ተቀምጠዋል። በሦስተኛው እሺ እንደምል እነሱም ያውቃሉ፣ የምትጽፈውም ታውቃለች፣ አጥሬ ላይ የተንጠለጠሉት ጎረቤቶቼም ያውቃሉ። ግን አንዳቸውም ወደ ቤታቸው አልገቡም።