በጊዜያዊነት የገባ ስህተት

ሚዛኑ ከመጠገኑ በፊት የነበረው ሁኔታ እንደሚከተለው ነበር።

በድንበሩ የጉምሩክ ጣቢያ፣ በፍተሻው ክፍል ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ ትልቅ የወለል ሚዛን ቆሟል። ሰሌዳው ክብ ነው፤ መስተዋቱ ከላይ እስከ መሃል ተሰንጥቋል፤ ቀዩ መርፌ ምንም ሳይጫንበት ሦስት ኪሎ ላይ ያርፋል። ሠራተኞቹ ሚዛኑን «ሽማግሌው» ይሉታል፤ አንዴ የተናገረው አይመለስምና። መርፌው ለምን ከዜሮ እንደማይነሳ የሚጠይቅ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ነባሮቹ በትዕግሥት ያስረዱታል። «ሦስቱ ኪሎ የራሱ የሚዛኑ ክብደት ነው። አንተስ ስትቆም ራስህን ይዘህ አይደል የምትቆመው?» ይሉታል። አዲሱ ሠራተኛ ይረካል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱም ነባር ነው።

የአሠራሩ ፍትሐዊነት ሊመሰገን ይገባል። እያንዳንዱ ጥቅል ለብቻው ይመዘናል፤ ሽማግሌውም ለእያንዳንዱ ጥቅል ሦስት ኪሎውን ይጨምራል። ሀብታም ነው ብሎ አያቀልም፤ ድሃ ነው ብሎ አያከብድም። ትልቅ ማሽን በአንድ ሣጥን ያስገባ ባለጠጋ ሦስት ኪሎ ይጨመርበታል። አሥር ቅርጫት ሽንኩርት ያስገባች ሴት ሠላሳ ኪሎ ይጨመርባታል። ይህ የሚዛኑ ጥፋት አይደለም፤ ሽንኩርቷን ሁሉ በአንድ ቅርጫት ማስገባት ያቃታት የሴትዮዋ ጥፋት ነው።

ሴትዮዋ ግን ነገረኛ ነበረች። በየሰኞው ድልድዩን ተሻግራ ስትመጣ ከፈታሹ ጋር የምትለዋወጠው ቃል ከጣቢያው ሠራተኞች ያልሸመደደው የለም።

«ስገዛው ሃያ ነበር። ድልድዩ ላይ ይወልዳል እንዴ?»

«እርጥበት ይሆናል እትዬ፤ ውሃ ያዘለ ሽንኩርት ይከብዳል።»

«ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው!»

«እንግዲያው ሙቀት ነው። ሙቀት ነገርን ያስፋፋል።»

ሴትዮዋ አቤት አለች። አቤት ብላ ዝም ማለትንም አታውቅበትም ነበርና የበላዩ መሥሪያ ቤት በመጨረሻ ሰልችቶት ሚዛኑ በባለሙያ እንዲታይ አዘዘ። ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ቅርቡ ባለሙያ የሚገኘው ከድልድዩ ማዶ፣ በጎረቤት አገር ነበር። እነሆ፣ ረቡዕ ጠዋት ሚዛን ጠጋኙ መጣ።

ሰውየው ጸጉሩ የሸበተ፣ ነገሩ ሁሉ የተለካ ነው። በአንድ እጁ ካቻቢቴና መፍቻ የያዘ የመሣሪያ ቦርሳ፣ በሌላው ውስጡ ጨርቅ የለበሰ የእንጨት ሣጥን ይዟል። በሣጥኑ ውስጥ እንደ መስተዋት የሚያበራ አንድ መመዘኛ ብረት አለ፤ በጎኑ ላይ «20 ኪሎ» የሚል ተቀርጾበታል። ብረቱን በባዶ እጁ አይነካም፤ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። «የጣት ላብ እንኳ ክብደት አለው» ይላል።

ፈታሹ ሕጉን አስረዳው። «ዕቃዎችህ የሚገቡት በጊዜያዊነት ነው፤ ቀረጥ አትከፍልም። በገቡበት ሁኔታና ክብደት ተመልሰው ይወጣሉ። ዋሱ አንተ ነህ። ብረቱ ሳይወጣ አንተ አትወጣም፤ አንተ ሳትወጣ ብረቱ አይወጣም።»

«እንደ ጋብቻ በለኛ።»

«ኧረ ጋብቻስ ይፈታል።»

ጠጋኙ ሳቀ። «የጋብቻ ነገር ካነሳህ፣ እሑድ ልጄን እድራለሁ። ቅዳሜ በእኩለ ቀኑ አውቶቡስ ካልተሳፈርኩ ሠርጓ ያለ አባት ሊሆን ነው።»

«አንተ ሥራህን ጨርስ እንጂ ማን ይይዝሃል?»

ከዚያም በሕጉ መሠረት መመዘኛው ብረት ተመዘነ። በጣቢያው ያለው ሚዛን አንድ ብቻ ስለሆነ የተመዘነው በሽማግሌው ነው። መርፌው ሃያ ሦስት ላይ ቆመ።

«ሃያ እኮ ነው፤ እዩት፣ ተቀርጾበታል» አለ ጠጋኙ።

«የተቀረጸው የባለቤቱ ቃል ነው። የተመዘነው የመንግሥት ቃል ነው» አለ ፈታሹ፤ «ሃያ ሦስት» ብሎም ጻፈ።

«ይሁና። የመጣሁትም ለዚሁ አይደል?» አለ ጠጋኙ፤ እየሳቀም ፈረመ። ፊርማው ከሰነዱ ጋር ተያያዘ፤ ሳቁ አልተያያዘም።

ሽማግሌው ተፈታ። ከሆዱ ዝገት፣ አቧራ፣ የአንድ ብዕር ክዳንና የብዙ ዘመን የሽንኩርት ልጣጭ ወጣ። ጠጋኙ ጠራረገው፣ ዘይት ቀባው፣ አንዲት ብሎን አዞረ፤ መርፌው ሽማግሌው ከቆመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜሮን አየ። መመዘኛውን ሲጭንበት ሃያ፤ ሲያነሳው ዜሮ። «ብሎኗ የምትይዘው መንኮራኩር ጥርሱ አልቋል፤ ካልነካካችሁት ግን ይሠራል» ብሎ አስጠነቀቀ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚዛኑን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ፣ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ፈርሞ ሰጠ። ወረቀቱ በመስተዋት ተገጥሞ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

የጣቢያው ኃላፊ አጭር ንግግር አደረጉ። «ትናንትም ትክክል ነበርን። ዛሬ ደግሞ ይበልጥ ትክክል ሆነናል። ነገ ከዚህም በላይ ትክክል እንደምንሆን ጥርጥር የለኝም!» አሉ። ተጨበጨበ።

ቅዳሜ ጠዋት ጠጋኙ ለመውጣት ቀረበ። ሽንኩርት ነጋዴዋም ተስተካከለ የተባለውን ሚዛን በዓይኗ ልታይ መጥታ ከመስኮቱ ውጭ ቆማለች። ጠጋኙ ጓንቱን አጥልቆ ብረቱን ከሣጥኑ አወጣና ጫነው። መርፌው ሃያ ላይ ቆመ። ፈታሹ መርፌውን አየ፣ ሰነዱን አየ፣ እንደገና መርፌውን አየ።

«ሦስት ኪሎ ጎድሏል።»

«አልጎደለም። ሲገባ ሚዛኑ ተሳስቶ ነበር፤ አሁን ታርሟል።»

«አሁን ሚዛኑ ትክክል ነው?»

«እንዴታ! ራሴ ነኝ የፈረምኩት።»

«በቃ፤ ትክክለኛው ሚዛን ሦስት ኪሎ ጎድሏል እያለ ነው። ምስክሩም አንተው ነህ።»

ጠጋኙ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። «እሺ፣ ሦስቱን ኪሎ እንደሸጥኩት ቁጠረው። ቀረጡን ልክፈልና ልሂድ» አለ።

«ቀረጥ የሚከፈለው ዕቃው ቀርቦ ሲፈተሽ ነው። ሦስቱን ኪሎ አምጣና ትከፍላለህ።»

«የሌለ ነገር ከየት ላምጣ?»

«እኔ ጋ አለ!» አለች ሴትዮዋ በመስኮቱ። «በየቅርጫቱ ስትጨምሩልኝ የኖራችሁት ሦስት ሦስት ኪሎ ቤቴ ሞልቷል። ስንቱን ላምጣለት?»

ኃላፊው ተጠሩ። ፈታሹ ያላየውን አርቀው ማየት ስለሚችሉ ነው ኃላፊ የተባሉት፤ ነገሩን እንደሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። በሩን ዘጉ።

«‹ሲገባ ሚዛኑ ተሳስቶ ነበር› ብዬ ልፈርም? መልካም፤ ፈረምኩ እንበል። ያን ቀን በዚህ ሚዛን የተመዘነው ያንተ ብረት ብቻ ነው? ከዚያ በፊት በነበረውስ ቀን? ከዚያ በፊት በነበረውስ ዓመት?»

«እሱማ!» አለች ሴትዮዋ።

ኃላፊው መስኮቱንም ዘጉ።

በዚህ መሃል የጠጋኙ ስልክ ጮኸ። ልጁ ናት። «አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«ድልድዩ አጠገብ ነኝ ልጄ። ሦስት ኪሎ ቀርቶኛል።»

«ሦስት ኪሎ ሜትር?»

«ሜትር የለውም እናቴ። ኪሎ ብቻ ነው» አለና ዘጋው።

ኃላፊው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሱ። ታላላቅ ውሳኔዎች የሚወለዱት በእንዲህ ያለ ምጥ ነው። በመጨረሻ ቆሙ። «ስህተት ነበረ ብለን ማመን አንችልም። ስህተቱን በጊዜያዊነት ማስገባት ግን ማን ይከለክለናል?» አሉ።

ፈታሹ በአድናቆት ብዕሩን አነሳ። ሰነዱም እንዲህ ተሞላ፤ የዕቃው ዓይነት፦ ስህተት። ብዛት፦ አንድ። ክብደት፦ ሦስት ኪሎ። የገባበት ምክንያት፦ ለአንድ ምዘና። ግዴታ፦ ምዘናው እንዳበቃ ይወጣል። ዋስ፦ ጣቢያው ራሱ። ስህተቱ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገባ።

«ሚዛኑን አጣምም ነው የምትሉኝ?» አለ ጠጋኙ። «ዕድሜ ልኬን ሳቃና ነው የኖርኩት። አጣምሜ አላውቅም።»

«ማን አጣምም አለህ? ወደነበረበት መልሰው ነው ያልንህ። መጠገን ማለት ወደነበረበት መመለስ አይደለም እንዴ?»

ጠጋኙ ሰዓቱን አየ። ለእኩለ ቀን ብዙ አልቀረም። ካቻቢቴውን አወጣ።

ብሎኗ ግን እምቢ አለች። ጥርሱ ያለቀው መንኮራኩር ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ላይ ይቆማል፤ ትንሽ ሲገፋ ዘሎ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ላይ ይቀመጣል። በመካከላቸው ማረፊያ የለውም። የድሮውን ሦስት ኪሎ በቦታው ይዘውት የኖሩት ዝገቱና የሽንኩርት ልጣጩ ነበሩ።

«እነሱ የት ሄዱ?» አለ ፈታሹ።

«ጠርጌ ጣልኳቸው።»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት?»

መጀመሪያ በሁለት ከስድስት መቶ ሞከሩ። ብረቱ ሃያ ሁለት ከስድስት መቶ ሆነ። «አራት መቶ ግራም ጎድሏል፤ ስርቆት ነው» አለ ፈታሹ። በሦስት ከአራት መቶ ሞከሩ። ሃያ ሦስት ከአራት መቶ ሆነ። «አራት መቶ ግራም ተርፏል። የአገር ሀብት ያለ ፈቃድ ሊወጣ ነው።»

ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ።

«ደግፈው» አሉ ኃላፊው፣ ጣሪያውን እያዩ።

«ምን አሉኝ?»

«ትንሽ ደግፈው።»

ጠጋኙ ወደ ጥሩምባው ድምፅ ዞር አለ። ከዚያ ነጩን ጓንት አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ የጣት ላብ ይከብዳል የሚለው ሰው በባዶ እጁ፣ ትንሿን ጣቱን ከብረቱ እጀታ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ገፋ አደረገ። መርፌው ተንቀጥቅጦ ወረደና ሃያ ሦስት ላይ ቆመ። ፈታሹ ሰሌዳውን በደንብ ለማየት ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ሆኖ ጣት አይታይም። «ሃያ ሦስት። በገባበት ክብደት ወጥቷል» ብሎ ጻፈ። ብረቱና የመሣሪያው ቦርሳ ታሸጉ፤ ማኅተሙ አረፈ።

«አሁን ሚዛኑን ላቃናውና ልሂድ። ካቻቢቴዬን ስጠኝ» አለ ጠጋኙ።

«የቱን?»

«ቦርሳው ውስጥ ያለውን።»

«እሱማ ከአገር ወጥቷል።»

«ይኸው እግሬ ሥር ነው!»

«ለዓይን እዚህ ነው። ለሕግ ግን ከታሸገ ወዲህ ማዶ ነው። እንደገና በጊዜያዊነት ልታስገባው ትችላለህ፤ ሰኞ ተመለስ።»

«እንግዲያው የጣቢያውን ካቻቢቴ አውሱኝ።»

«ባልተፈተሸ መሣሪያ የመንግሥት ሚዛን ይነካል?» አሉ ኃላፊው፤ በእውነት ደንግጠው ነበር።

ጥሩምባው ደገመ። ጠጋኙ ሣጥኑንና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ፤ ከበሩ ላይ ግን ከሴትዮዋ ጋር ተፋጠጡ። ከበሩ ሥር ቆማ ሁሉን ሰምታለች። አንገቱን ደፋ።

«ሂድ ወንድሜ» አለችው፤ «ሂድና ልጅህን ዳር። ሙሽራ አይጠብቅም። እኔ እንደሆንኩ መሸከም ለምጃለሁ።»

እሱም ሮጦ ተሳፈረ፤ ለሠርጉ ደረሰ።

በጊዜያዊነት የገባው ስህተት እስካሁን አልወጣም። ይህ ግን ከሕግ ውጭ አይደለም፤ የቆይታ ጊዜው በየወሩ በደንቡ መሠረት ይታደሳል። ጣቢያው ጠጋኙ ተመልሶ እንዲጠራ ለበላዩ መሥሪያ ቤት ጽፎ ነበር። «የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት ላለው ሚዛን የጥገና በጀት አይያዝም» የሚል መልስ መጣ። መርፌው ለምን ከዜሮ እንደማይነሳ ለሚጠይቅ አዲስ ሠራተኛም ነባሮቹ ሽማግሌው በጥገናው ሰሞን ሥራ ፈትቶ ተኝቶ ስለነበር መወፈሩን ያስረዱታል።

በሠርጉ ማግስት፣ ሰኞ፣ ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ቅርጫት ጫነች።

«ሃያ ሦስት ከአራት መቶ» አለ ፈታሹ።

«ድሮ እኮ ሃያ ሦስት ነበር!»

«ድሮ ሚዛኑ ትክክል አልነበረማ እትዬ» አለና በብዕሩ ጫፍ ግድግዳው ላይ ያለውን የምስክር ወረቀት አሳያት።

ሚዛኑ ከመጠገኑ በፊት በአንድ ቅርጫት ላይ የሚጨምረው ሦስት ኪሎ ነበር። ከተጠገነ ወዲህ የሚጨምረው ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ነው።