ለአንድ ታንከር ሦስት ፕሮፎርማ

እኔና እናንተ ሽንኩርት እንገዛለን። መሥሪያ ቤት ግን አይገዛም፤ ግዥ ይፈጽማል። ልዩነቱ ምንድነው ብትሉኝ፣ እኛ ሽንኩርቱን ይዘን ቤታችን እንገባለን፤ ግዥ የሚፈጽም ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሽንኩርት እንደሚያስፈልገው ያስጸድቃል፣ ቀጥሎ ሽንኩርት ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ በጽሑፍ ያብራራል፣ ከዚያ ሦስት ነጋዴ ዋጋውን በፕሮፎርማ እንዲያቀርብለት ይለምናል። ወጡ እስከዚያው ይጠብቃል። ትምህርቷን ሳትጨርስ ወልዳ ቤት የዋለች ሴት ይህን ከየት አመጣችው እንዳትሉ፤ ጎረቤቴ ጋሽ ተሰማ ናቸው ያስተማሩኝ።

ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን በአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ክረምት ከበጋ ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። እዚህ መሪ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ያደረግናቸውም ከረባቷን አይተን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚደርሰን ኑሯችን ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ነበር። ታንከሩ ተሰነጠቀ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ የምኖረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ልጄን ሶሊን አዝዬ፣ ከማዶ ብሎክ የቀዳሁትን ጀሪካን አንጠልጥዬ ደረጃውን ስወጣ፣ ጋሽ ተሰማ መሀል ላይ ያገኙኝና "አይዞሽ የሶሊ እናት፣ ሂደት ላይ ነን" ይሉኛል። ሂደት የሚሉት ነገር ክብደቱ የገባኝ ያኔ ነው። ልክ አንድ ጀሪካን ያህላል።

መጀመሪያ ስፔሲፊኬሽን ይጻፍ ተባለ። "ጋሼ፣ ታንከር ታንከር አይደል እንዴ?" ብላቸው፣ "እንደሱ ብለሽ ብትጽፊላቸው በርሜል ያመጡልሻል!" አሉኝ። እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም። ቀለሙ፣ ውፍረቱ፣ ክዳኑ ሳይቀር ተጻፈ። ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ መጣ። ጋሽ ተሰማ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና "ማኅተሙ ሦስት፣ ጸሐፊው አንድ!" ብለው ጣሉት። እንደገና ተጀመረ። እኔም ጀሪካኔን አንስቼ እንደገና ጀመርኩ።

በስንት ጣር አሸናፊው ተለየና ታንከሩ መጣ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ክዳን። ጋሽ ተሰማ ዙሪያውን መታ መታ አድርገው ተረከቡ፣ ፈረሙ፣ መኪናው ሄደ። ታንከሩ ብሎኩ በር ላይ ቆመ። እኛም አብረነው ቆምን።

"ማነው ጣሪያ ላይ የሚያወጣው?" አሉ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ።

"እሱ የዕቃ ግዥ ውስጥ አይገባም። የአገልግሎት ግዥ ነው፤ ለብቻው ነው የሚታየው" አሉ ጋሽ ተሰማ በእርጋታ። "ለጫኝና አውራጅም ሦስት ፕሮፎርማ እንሰበስባለን።"

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?"

እኔ ዝምተኛ ነኝ። ስብሰባ ላይ ድምፄን ሰምቶ የሚያውቅ የለም፤ ያን ዕለትም አልጮህኩም። ሙሉውን ጀሪካን ብቻ በሁለት እጄ፣ በአክብሮት አቀረብኩላቸው። "ጋሼ፣ ፕሮፎርማው እስኪሰበሰብ ይህቺን ቢያደርሱልኝ።"

ጨዋ ሰው ናቸው፤ እምቢ አላሉም። ከረባታቸውን አስተካክለው ወጡ። አንደኛ ፎቅ ላይ ኮቴያቸው ይሰማ ነበር። ሁለተኛው ላይ ትንፋሻቸው። ሦስተኛው ላይ ምንም።

ከዚያ ከላይ ድምፅ መጣ። "አስካለ! ጎረምሶቹን ጥሪያቸው!"

"ፕሮፎርማውስ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ቀጥታ ግዥ ነው! አስቸኳይ ሁኔታ ተፈጥሯል!"

ለካ ሳያወዳድሩ መግዛትም ስም አለው። የብሎካችን ጎረምሶች ገመድ አምጥተው፣ እየተሰዳደቡ እየሳቁ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ታንከሩን ጣሪያ ላይ ሰቀሉት።

ይኸው አሁን እላይ ተቀምጧል፣ ባዶውን። የውሃ ፈረቃችን ገና አልደረሰም። ጋሽ ተሰማ ጠዋት ጠዋት ወጥተው ጎኑን መታ ያደርጉትና ድምፁን ሰምተው ይወርዳሉ። ትናንት ደረጃው ላይ ተገናኘን።

"ምን ይደረግ የሶሊ እናት፣ ውሃ አቅራቢው አንድ ብቻ ነው። ከማን ጋር እናወዳድረው?" አሉኝ።

ከረባታቸውን ፈትተዋል። በሁለቱም እጃቸው ጀሪካን ይዘዋል፤ አንዱ የራሳቸው ነው፣ አንዱ የእኔ።